የቅዳሜ ውድድራችንን ያዳነልን ደብተር

ደሴ ውስጥ ስምንት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ቴኒስ እንወዳደራለን፤ የተሸነፈ ቡና ይጋብዛል። ችግሩ፣ ድሉ ከሁለት ልጆች እጅ አልወጣ አለ። ሌሎቹ ቀስ በቀስ መቅረት ጀመሩ። አንድ ቅዳሜ አራት ብቻ ሆንን። በጣም ከፋኝ።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከጎልፍ ነው። ጎልፍ ላይ ጀማሪውና አንጋፋው ተመጣጥነው እንዲጫወቱ ሃንዲካፕ የሚባል፣ ለደካማው እንደ ችሎታው የሚሰጥ ማካካሻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በጀመረው ዓለም አቀፍ ስሌት፣ ከተጫዋቹ የመጨረሻ 20 ውጤቶች ምርጥ 8ቱ ተወስደው ሃንዲካፑ ከአማካያቸው ይሠራል።

መጀመሪያ በግምት የመነሻ ነጥብ ሰጠሁ። አልሠራም። «ለእሱ አምስት፣ ለእኔ ለምን ሦስት?» ተባልኩ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና ለአንድ ወር ዝም ብዬ ውጤት መዘገብኩ፦ 11 ለ4፣ 11 ለ6፣ 11 ለ5። የልዩነቱ አማካይ 6 ነው። ታዲያ ለተሸናፊው 6ቱንም አልሰጥም፤ 4 ብቻ። ሁሉንም ከሰጠህ የጎበዙ ልፋት ከንቱ ይቀራል። ሁለቴ በተከታታይ ያሸነፈ ደግሞ ከመነሻው አንድ ነጥብ ይቀነስበታል።

ባለፈው ቅዳሜ 4 ይዞ የጀመረው ልጅ 9 ለ9 ሲደርስ ራኬት የያዘ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አብሽር!» አልነው። 12 ለ10 አሸነፈ። ስምንታችንም ነበርን፤ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ።