ፊደል ለሚያስቸግረው ልጅ ታብሌትን እንዴት እናዘጋጅ?

ተረት ሲነገረው አንድ ቃል ሳያስቀር የሚደግም፣ የአማርኛ መጽሐፉን ሲከፍት ግን አንድ መስመር ላይ ላብ በላብ የሚሆን ልጅ በየክፍሉ አለ። ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል፤ ይህ ስህተት ነው፣ ልጁንም ይጎዳዋል። ዲስሌክሲያ ፊደልንና ድምፅን በፍጥነት ማገናኘት ላይ ያለ ችግር እንጂ የማሰብ ጉድለት አይደለም። ታብሌት የሚረዳውም እዚሁ ላይ ነው፦ ልጁ ፊደሉን እያየ ድምፁን ወዲያው ይሰማል፤ ማንም ሳይቆጣውና ሳያፍር ሃያ ጊዜ መድገም ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ የሚያስፈልገው መነጽር ነው።

ዕቃውና ዝግጅቱ

8 ወይም 10 ኢንች የሆነ አንድሮይድ ታብሌት ይበቃል። ኢርፎኑ ባለገመድ ቢሆን ይሻላል፤ ቻርጅ አይፈልግም፣ ቢጠፋም ብዙ አያከስርም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh) ፓወር ባንክ ይያዙ።

ቀጥሎ ታብሌቱን አንድ አፕ ላይ ይቆልፉት። ሴቲንግ ውስጥ፣ ሴኩሪቲ ሥር፣ «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» የሚለውን ያብሩ፤ ለመውጣት የይለፍ ቁጥር እንዲጠይቅ የሚያደርገውንም አብረው ያብሩ። ከዚያ የሚፈልጉትን አፕ ከፍተው፣ የተከፈቱ አፖች ወደሚታዩበት ይሂዱና የአፑን ምልክት ነክተው «ፒን» ይበሉ። ይህን ካላደረጉ ልጁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የእሱ አይደለም። ኢንተርኔት የማይፈልግ ትምህርት ሲሆን የአውሮፕላን ምልክቷንም ያብሩ፤ መልእክት እየገባ ሐሳቡን አይሰርቀውም።

ፊደሉ ላይ

ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። ልጁን የሚያምታቱት ሁሉም እኩል አይደሉም። ቡ እና ቢን ይመልከቱ፦ ጭረቷ በአንዱ ከወገብ፣ በሌላው ከእግር ወጣች፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። ባ እና ቦ ደግሞ በመስተዋት እንደተያዩ ናቸው፤ ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራ እግሩ። ሳ እና ሶ፣ ካ እና ኮም እንዲሁ። እንዲህ የሚመሳሰሉት በቀላሉ ስለሚያምታቱ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ።

ማንኛውም የሥዕል አፕ ይከፈትና አንድ ፊደል ስክሪኑን ሞልቶ ይጻፍ። ዋናው አካል በጥቁር፣ ድምፁን የምትለውጠው ጭረት ወይም የረዘመው እግር በቀይ ይሁን። ልጁ በጣቱ እየሄደበት ድምፁን ጮክ ብሎ ይበል። በቀን ሦስት ፊደል ይበቃል። ባን እና ቦን ግን በአንድ ቀን አያስተምሩ፤ አንዱ ሳይደላደል ሁለተኛው ከመጣ ሁለቱም ይደባለቃሉ።

እዚህ ላይ የሚያታልል ነገር አለ። ቤ የቱ ነው ብለው ሲጠይቁት ከንፈሩን ይመልከቱ። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ…» እያለ በዜማው ቆጥሮ ከደረሰ፣ የያዘው ዜማውን ነው፤ ቅርጹን ገና አላወቀውም። ስለዚህ ፊደላትን በተራ የሚያዜም አፕ ለዚህ ልጅ አይበጀውም። አዘበራርቆ የሚጠይቅ ይምረጡ፤ ምርጫውም ከሦስት አይብለጥ። ሳያይ ቶሎ ቶሎ እየነካ ኮከብ የሚሰበስብ ከሆነ ያስቁሙትና «መጀመሪያ ድምፁን በአፍህ በል፣ ከዚያ ንካ» ይበሉት።

ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን በመሰሉት ላይ አፑ «ተሳስተሃል» ቢለው እርስዎ ትክክል ነው ይበሉት። ድምፃቸው አንድ ነው፤ የአጻጻፉ ልዩነት ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ገጹ ላይ

ብሉም ሪደር የሚባል ነፃ አፕ አለ፤ ድምፅ የተቀዳላቸው መጻሕፍቱ የሚነበበውን ዓረፍተ ነገር በቀለም ያሳያሉ፤ አንዴ ከወረዱ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ለክፍሉ መማሪያ መጽሐፍ ግን የራስዎን ድምፅ የሚያህል የለም። ማሽን የሚያነበው አማርኛ ማጥበቅና ማላላት ላይ ይሳሳታል፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» ያለው፣ «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ ጽሑፉ ራሱ አይነግረውም። ማንበብ ያልጠናበት ልጅ ደግሞ የሰማውን ነው የሚይዘው።

አሠራሩ ይህ ነው። መጽሐፉን ብርሃን ባለበት ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። ታብሌቱን በሁለት ክምር መጽሐፍ ላይ አጋድመው ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ ያድርጉ። ቪዲዮ ያስጀምሩና የእርሳስ ጫፍ ከቃሉ ሥር እያስኬዱ ያንብቡ። እርሳሱ ከድምፅዎ እንዳይቀድም፣ ወደኋላም እንዳይቀር። እንደ ተፈጥሮዎ ያንብቡ፤ «መ-ም-ህ-ር» ብለው ከቆራረጡት ቃሉ ይጠፋል። በዓረፍተ ነገሮች መካከል ሦስት ሴኮንድ ዝም ይበሉ፤ ያ የልጁ ተራ ነው። አንድ ቪዲዮ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ጥራቱን 720 ላይ ያድርጉት፤ ጽሑፉ በደንብ ይነበባል፣ ሜሞሪም አይሞላም። «አማርኛ 3ኛ ገጽ 42» ብለው ይሰይሙት፤ አለበለዚያ ከሳምንት በኋላ ማንም አያገኘውም።

ልጁ ቪኤልሲ (VLC) በሚባለው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ አፕ ይክፈተው። ፍጥነቱን መጀመሪያ 0.8 ላይ ያድርጉለት፤ ከዚያ በታች ከወረደ ድምፁ ይጎተትና ቃሉ አይለይም። አንደኛ ዙር ያዳምጣል፣ ሁለተኛ አብሮ ያነባል፣ ሦስተኛ ድምፁ ተዘግቶ እርሳሱን እየተከተለ ብቻውን ያነባል። ሦስተኛው ዙር ከቀረ ልጁ ማዳመጥ እንጂ ማንበብ አልተማረም።

ጽሕፈት ሲሆን

ሐሳቡ እያለው እጁ የማይታዘዘው ልጅ በድምፅ ይጻፍ። ጂቦርድ (Gboard) በሚባለው የጉግል መጻፊያ ኪቦርድ ላይ አማርኛን ጨምረው ማይክሮፎኑን ይንኩ፤ አማርኛ ይቀበላል። ጫጫታ ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይጽፋል፣ ስለዚህ ኮሪደር ወይም ባዶ ክፍል ይፈልጉለት። አራት ነጥቡን ራሱ ያስገባ። ይህን ለድርሰትና ለሳይንስ መልስ ይጠቀሙበት፤ የፊደል ትምህርቱን እንዲተካ አይፍቀዱ።

ጊዜው በቀን 15 ደቂቃ ነው፦ ሦስቱ ለትናንት ፊደላት፣ አምስቱ ለአዲሶቹ፣ ሰባቱ ለገጹ። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይኑ ይደክማል፣ ግምት ይጀምራል።

በየዓርቡ ያልተለማመደውን ገጽ አንድ ደቂቃ አስነብበው ድምፁን ይቅዱት። በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ቆጥረው ከቀኑ ጋር ይጻፉ። በሦስት ሳምንት ቁጥሩ ካልጨመረ ከሦስት ፊደል ወደ ሁለት ይውረዱ፣ የተሳሳተባቸውን ለይተው በቀይ ቀለሙ እንደገና ይጀምሩ። ከጨመረ የመጀመሪያውን ዓርብ ቅጂ ከፍተው ያሰሙት።