የራጅ ፎቶ ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት
የጤና ባለሙያዎች፣ ባልደረባ ለማማከር የራጅ ወይም የኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ስትልኩ ደብዝዞ ይደርሳል? መተግበሪያዎቹ ዳታ ለመቆጠብ ፎቶውን ስለሚጨምቁት ነው፤ ቀጭን የአጥንት ስንጥቅ ደግሞ በዚህ መሀል ሊጠፋ ይችላል። «ፎቶ» በሚለው ፈንታ «ፋይል» ወይም «ዶክመንት» በሚለው በኩል ላኩት። እንዳለ ይደርሳል፣ አጉልቶ ማየትም ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ! በፋይል ሲሄድ ፎቶው የተነሳበት ቦታና ሰዓትም አብሮት ሊሄድ ስለሚችል ከማንሳታችሁ በፊት የካሜራውን ሎኬሽን አጥፉ። የታካሚውን ስምና የካርድ ቁጥር በቀለም ከመሸፈን ቆርጦ ማውጣት ይሻላል፣ አንዳንዱ የስልክ ማርከር የፎቶው ብርሃን ሲጨመር ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ታካሚው ካልፈቀደ አትላኩ፤ ብዙ ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።