ሲ-አርም ሲበራ የት ልቁም?

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሲ-አርም፣ ማለትም በቀዶ ጥገና መሃል የራጅ ምስል የሚያሳየውን ማሽን፣ የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። አዲስ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ሲመጣ ሁሌ የማየው ነገር አለ፤ ማሽኑን ፈርቶ ይሸሽና በሽተኛው ላይ ይለጠፋል። «ከማሽኑ ሳይሆን ከበሽተኛው ራቅ በል» ስለው ግራ ይገባዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረሩ ከሚመነጭበት የማሽኑ ጫፍ፣ ከቱቦው፣ የወጣው ጨረር የበሽተኛው ሰውነት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደየጎኑ ይበተናል። እኛን በዋናነት የሚያገኘን ይሄ ብትን ነው። በብዛት የሚበተነው ደግሞ ጨረሩ ወደ ሰውነት በሚገባበት በኩል ነው። ስለዚህ ቱቦው ከጠረጴዛው ሥር ይሁን፤ ብትኑ ወደ ወለሉ ያደላል። ከላይ ከሆነ ፊትና ዓይን ላይ ይመጣል። ለጎን ምስል ማሽኑን ስናዞር ደግሞ ቱቦው ባለበት በኩል አትቁሙ፤ በሌላኛው ጫፍ ወዳለው ምስል ተቀባይ ዙሩ። ተቀባዩን በሽተኛው ላይ ሊደርስ እስኪል አስጠጉት፣ ቱቦውን አርቁት።

ርቀት በነጻ የሚገኝ መከላከያ ነው። ከግማሽ ሜትር ወደ አንድ ሜትር ብታፈገፍጉ የሚደርሳችሁ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። እኔ ከማንሳቴ በፊት «ራጅ!» ብዬ እጮሃለሁ። ስክራብ ነርሷ መሣሪያውን አቀብላ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ሰመመን የሚሰጠውም እንደዚሁ። ቀዶ ሐኪሙ ሁሌ አይችልም፣ ይገባኛል። ግን አንድ ምስል ለማየት እጁን ቁስሉ ላይ መተው ግዴታ አይደለም።

እጅ ካልኩ አይቀር፣ ሊድ (የእርሳስ ብረት) ያለበት ጓንት አድርጎ ጨረሩ ውስጥ እጁን የሚከት አለ። ማሽኑ ጓንቱን ሲያይ ምስሉ ጨለመብኝ ብሎ ጨረሩን በራሱ ይጨምራል። በሽተኛውም፣ እጁም፣ እኛም ተጎዳን ማለት ነው። እጃችሁን አውጡና መያዣ መሣሪያ ተጠቀሙ።

ጨረሩን የሚያበራውን የእግር ፔዳል በተመለከተ ሕጌ አጭር ነው፤ ዓይን ስክሪኑ ላይ ከሌለ እግር ፔዳሉ ላይ አይኑር። አንዴ አብሬው የሠራሁት ሐኪም ትሪው ላይ ብሎን እየፈለገ ፔዳሉን ረግጦ ረስቶታል። ጨረሩ በድምሩ አምስት ደቂቃ ሲበራ የሚጮኸው ማንቂያ ጮኸ። ቀና እንኳን ሳይል «አጥፉልኝ ይሄን ጩኸት» አለ! ከዚያ ወዲህ ጨረሩ የበራበትን ጊዜ ጮክ ብዬ አነባለሁ። የመጨረሻው ምስል ስክሪኑ ላይ ስለሚቀር እሱን እያያችሁ አስቡ። በተከታታይ ከማብራት ፐልስ፣ ማለትም ጨረሩን እየቆራረጡ ማብራት፣ ይሻላል። ጨረሩ የሚያርፍበትን መስክ አጥብቡ፤ ማጉላትን ግን ሳያስፈልግ አትንኩ፣ ጨረር ይጨምራል።

ልብሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። 0.5 ሚሊሜትር የእርሳስ ብረት ያህል የሚከላከል አፕሮን (ከፊት የሚለበስ የጨረር መከላከያ) ብትኑን በአብዛኛው ያስቀራል። ጀርባችሁን ለበሽተኛው የምታዞሩ ከሆነ ግን ዙሪያውን የሚሸፍነውን ልበሱ። የአንገት መከላከያውን «ይሞቃል» ብላችሁ አትተዉት። መነጽርም ቀልድ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በ2011 ለዓይን ሌንስ የመከረውን ገደብ በዓመት ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ያወረደው ያለ ምክንያት አይደለም።

የደረሰብንን ጨረር የሚለካውን ባጅ ሎከር ውስጥ ቆልፎ የሚገባ አውቃለሁ። ንባቡ ከፍ ካለ ሥራ ያስቆሙኛል ብሎ ነው። የሎከሩን ጨረር እየለካ ነው እንግዲህ። ሁለት ባጅ ካላችሁ አንዱ ከአፕሮኑ ሥር፣ አንዱ አንገት ላይ ከውጭ።

አፕሮን ይሰቀላል እንጂ አይታጠፍም። እኛ ጋ ወንበር ላይ ታጥፎ የሚጣል አንድ ነበር፣ ቀለል ስለሚል ሁላችንም የምንሻማው። በዓመታዊው ፍተሻ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በሲ-አርሙ ሳየው፣ እጥፋቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ መስመር ቁልጭ ብሎ ታየ። በዚያው ጠዋት ለብሼው ነበር።