ማኅበራዊ ፋይዳ አለው የተባለ ኢንቨስትመንት እንዴት ይመረመራል?

ማኅበራዊ ፋይናንስ በሚለው ስም ሥር ከአነስተኛ ብድር እስከ አረንጓዴ ቦንድ (ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ ገንዘብ የሚሰበሰብበት የብድር ሰነድ) ብዙ ዓይነት አሠራር ይጠቃለላል። ከእነዚህ አንዱ ኢምፓክት ኢንቨስትመንት ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው በጎ አድራጎት ድርጅት ሮክፌለር ፋውንዴሽን በጠራው ስብሰባ ነው። ገንዘቡ ከነትርፉ ወይም ቢያንስ ሳይጎድል እንዲመለስ ስለሚጠበቅ ከልገሳ ይለያል፤ ሊለካ የሚችል ማኅበራዊ ወይም አካባቢያዊ ለውጥ አስቀድሞ ስለሚታቀድበት ደግሞ ከተራ ኢንቨስትመንት ይለያል። በኢንቨስትመንቱ ሰነድ ላይ የ17ቱ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ባለቀለም ምልክቶች ስለተደረደሩ ብቻ ይህ ተሟልቷል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ምልክቱ ሲበዛ ጥርጣሬ ቢጨምር ይሻላል።

ምርመራው የሚጀምረው ትርፉ ከማን ኪስ እንደሚወጣ በመጠየቅ ነው። ከፋዩ ራሱ ተጠቃሚው ከሆነ፣ የባለገንዘቡ ትርፍና የተጠቃሚው ጥቅም የሚጋጩበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት ለድሆች ታስቦ የተስፋፋው አነስተኛ ብድር፣ አበዳሪዎች በፍጥነት ለማደግ ሲሽቀዳደሙ አንድን ቤተሰብ የብዙ ተቋማት ባለዕዳ እስከማድረግ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግዛቱ አበዳሪዎቹን የሚገድብ ጥብቅ ድንጋጌ አወጣ፤ የብድር አመላለሱም ተሽመደመደ። ስለዚህ የተበዳሪዎችን ቁጥር ማደግ እንደ ስኬት የሚያቀርብ ሪፖርት ሲገጥመን፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ከሌላም ቦታ እንደተበደረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው የመለኪያው ጉዳይ ነው። «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የተሠራውን ሥራ እንጂ የመጣውን ለውጥ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝ ፒተርቦሮ ማረሚያ ቤት የተጀመረውን፣ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነውን የማኅበራዊ ውጤት ቦንድ (ባለገንዘቦች ወጪውን አስቀድመው ሸፍነው፣ የታሰበው ውጤት ከመጣ ብቻ መንግሥት ወይም ሌላ ከፋይ የሚመልስላቸው ውል) ቀረብ ብሎ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። 17 ባለገንዘቦች 5 ሚሊዮን ፓውንድ አዋጥተው፣ ከአንድ ዓመት ያነሰ ቅጣት ጨርሰው የሚወጡ ወንዶችን የሚደግፍ አገልግሎት ተከፈተ፤ ክፍያ የሚፈጸመውም ዳግም ጥፋተኝነት ሲቀንስ ብቻ ነበር። የሚቆጠሩት ድጋፉን የተቀበሉት ብቻ ሳይሆኑ ከዚያ ማረሚያ ቤት የተፈቱት እንዲህ ያሉ ታራሚዎች በሙሉ ስለነበሩ፣ አገልግሎት ሰጪው የሚቀለውን ሰው እየመረጠ ቁጥሩን ሊያሳምር አይችልም። ደግሞም የሚመዘገበው «አጠፋ ወይስ አላጠፋም» ሳይሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተፈረደበት ነበር፤ በዚህም አንዴ ተመልሶ ያጠፋን ሰው እርግፍ አድርጎ መተው አያዋጣም። ከሌሎች ማረሚያ ቤቶች ከወጡ ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ሲነጻጸር 9 በመቶ ቅናሽ ታየ፤ በአጠቃላይ የተጠየቀው 7.5 በመቶ ስለነበር ባለገንዘቦቹ ገንዘባቸውን ከነትርፉ አገኙ።

ኪሳራ ቢመጣ ማን እንደሚሸከመውም ከውሉ ላይ መነበብ አለበት። በኒው ዮርክ ራይከርስ ደሴት እስር ቤት ለታዳጊዎች የተዘጋጀው ተመሳሳይ መርሐ ግብር ዳግም ጥፋተኝነትን ባለመቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲቋረጥ፣ ከተማዋ ለውጤቱ የምትከፍለው አልነበረም። ያበደረው ባንክ ጎልድማን ሳክስም ቢሆን ከ7.2 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ያጣው 1.2 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ቀሪውን የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ በሰጠው ዋስትና ሸፍኗል። አደጋውን የተሸከመው በአብዛኛው የበጎ አድራጎት ገንዘብ መሆኑን ያላየ አንባቢ፣ ባለሀብቱ ከእውነታው የበለጠ የደፈረ ሊመስለው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ «ገንዘቤ ባይገባስ ኖሮ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በአክሲዮን ገበያ ላይ የአንድን መልካም ኩባንያ ድርሻ ከሌላ ባለድርሻ የሚገዛ ሰው ለኩባንያው አዲስ ገንዘብ አላመጣም፤ ባንክ ፊት ላልሰጠው ጀማሪ ድርጅት የረጅም ጊዜ ብድር የሚሰጥ ግን ሌላው ያልሞላውን ክፍተት ሞልቷል። የአስተዳደር ክፍያውን መጠን፣ ሪፖርቱን የሚያረጋግጠው ገለልተኛ አካል መኖሩንና ገንዘቡ ታስሮ የሚቆይበትን ጊዜ ማጣራት ብዙ አያደክምም።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ግን የመውጫው አንቀጽ ነው። ድርሻው ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሲሸጥ፣ አዲሱ ገዢ ዋጋ ጨምሮ ድሃ ደንበኞችን እንዳይገፋ የሚከለክል ግዴታ በመተዳደሪያ ደንቡ ወይም በሽያጭ ውሉ መካተቱን፣ ከመፈረም በፊት ጠበቃ ቢያየው ይመረጣል።