ከድሮ ዲጂታል ካሜራ የተገኘ ፎቶ ምን ያህል ተልቆ ሊታተም ይችላል?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች የተነሱ ፎቶዎች ብዙ ቤት አሉ። የምርቃት፣ የሠርግ፣ የክርስትና። አንዳንዶቹ ላይ ያሉት ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ሌላ ፎቶም የላቸውም። ፎቶ ቤት ሲወሰዱ ግን ብዙ ጊዜ «ይሄ ጥራት የለውም፣ ከ10 በ15 ሴንቲሜትር በላይ አይወጣም» ይባላል። ይህ መልስ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። በጥንቃቄ ከተሠራ ከባለ 2 ሜጋፒክስል፣ ማለትም ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነጥብ (ፒክስል) ካለው ፎቶም ሳሎን የሚሰቀል ነገር ይወጣል።

ዋናውን ፋይል ፈልጉ

በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያነሳው 1600 በ1200 ነው። ስለዚህ በአንድ መላክ ብቻ ከሲሶ በላይ ፒክስሉ ይጠፋል ማለት ነው። ሚሞሪ ካርዱን፣ የድሮውን ሲዲ፣ ጥግ የተጣለውን ላፕቶፕ ፈትሹ። ፎቶው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋ ከሆነ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ፎቶ ቤትም በፍላሽ ውሰዱት።

ፒክስሉን በርቀት አካፍሉ

ኮምፒውተር ላይ የፎቶው ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስፋቱና ቁመቱ በፒክስል ተጽፏል። ረጅሙን ጎን ያዙ። ፎቶው በእጅ ተይዞ የሚታይ ከሆነ ለ120 አካፍሉት። ጠረጴዛ ወይም ቡፌ ላይ ተቀምጦ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ራቅ ብሎ የሚታይ ከሆነ ለ60። ግድግዳ ላይ ሆኖ ከአንድ ሜትር ገደማ የሚታይ ከሆነ ለ40። የሚወጣው ቁጥር የፎቶው ረጅም ጎን በሴንቲሜትር ነው።

1600 ፒክስል በእጅ ለሚያዝ 13 ሴንቲሜትር፣ ለቡፌ 27፣ ለግድግዳ 40 ይሰጣል። ባለ 5 ሜጋፒክስሉ፣ ማለትም 2592 ፒክስሉ፣ ለግድግዳ 65 ይደርሳል። በ640 በ480 የተነሳ ፎቶ ግን ለግድግዳም ቢሆን 16 ሴንቲሜትር ነው። ብዙ አትድከሙበት፣ አነስ አድርጋችሁ አሳትሙት።

ነገሩ የዓይን ጉዳይ ነው። ጤናማ ዓይን ከ30 ሴንቲሜትር ርቀት በ0.1 ሚሊሜትር የተራራቁ ነጥቦችን ለይቶ ያያል። ከአንድ ሜትር ግን በመካከላቸው 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ከሌለ አንድ ሆነው ይታዩታል። ሰው በራቀ ቁጥር የሚያስፈልገው ፒክስል ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። አንዳንድ ፎቶ ቤቶች ፋይሉ ላይ «72 ዲፒአይ» (በአንድ ኢንች 72 ነጥብ) የሚል ያዩና «300 አድርገህ አምጣው» ይላሉ። ያ ቁጥር ፋይሉ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነው እንጂ ጥራት አይደለም። 72ን ወደ 300 መቀየር ብቻውን አንድም ፒክስል አይጨምርም። የሚቆጠረው ጠቅላላው ፒክስል ነው።

ፊቱን ለብቻው ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ ውጤቱን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ሰው ፎቶ ሲያይ ሰማዩን ወይም መጋረጃውን አይመረምርም፣ ቀጥታ ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ ፎቶው ስንት ሜጋፒክስል ነው ከማለት በፊት ፊቱ ስንት ፒክስል ነው በሉ።

አሥር ተመራቂዎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረዋል እንበል። 1600 ፒክስሉ ለአሥር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 160 ይደርሰዋል። ከዚያ ውስጥ ፊቱ 60 ቢሆን ነው፤ አንዱ ዓይን ደግሞ 12 ገደማ። በ12 ነጥብ ዓይን አይሳልም፣ ጥቁር ነገር ብቻ ይሆናል። በዚያው ካሜራ ከደረት በላይ የተነሳ አንድ ሰው ግን ፊቱ 500 ፒክስል ሊሆን ይችላል። ይሄኛው በ40 ሴንቲሜትር ሲታተም ፊቱ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ይወጣል፣ ወደ እውነተኛው መጠን የተጠጋ።

ለመለካት ፎቶውን ክፈቱና ክሮፕ በሚለው ፊቱን ብቻ ክበቡ፤ ፕሮግራሙ ስፋቱን ያሳያችኋል። የእኔ መለኪያ ይሄ ነው፦ ፊቱ ከ300 ፒክስል በላይ ከሆነ ለግድግዳ ይሆናል። ከ100 በታች ከሆነ ከ20 በ27 አላሳልፈውም። በዚያ መካከል ያለው በሙከራ ይለያል።

በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «ጥራት እንጨምራለን» ለሚሉ ፕሮግራሞች የቤተሰብ ፊት አትስጡ። የአንድ አጎታችን ሙት ዓመት ላይ እንዲህ ተሠርቶ የተሰቀለ ፎቶ አይቻለሁ። ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ሲባል ግን ግንባራቸው ላይ የነበረችው ጠባሳ የለችም፣ ፍንጭታቸውም ተደፍኗል። እህታቸው ጠጋ ብላ አየችና «ይሄማ እሱ አይደለም» አለች። ልክ ነበረች። ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ነገር ፕሮግራሙ ከየትም አያመጣውም፤ ከሌሎች ሰዎች ፊት የተማረውን ይሞላበታል። ለዛፍና ለሕንፃ ይሁን። ለሰው ፊት ትንሽ ብዥ ማለት ሌላ ሰው ከመሆን ይሻላል።

ማተለቅ

ጊምፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ስኬል ኢሜጅ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ መጠኑን እጥፍ አድርጉ፣ ኢንተርፖሌሽን የሚለው ላይ ኪዩቢክ ወይም ኖሄሎ ምረጡ። ይሄ አዲስ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ነጥቦቹ እንደ ደረጃ ተሰባብረው እንዳይታዩ ያለሰልሳል። ጠርዞችን የሚያጠራውን አንሻርፕ ማስክን ካተለቃችሁ በኋላ በስሱ ተጠቀሙ። ቀድሞ ከተደረገ ጄፔግ (ካሜራው ፎቶውን አሳንሶ የሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) የፈጠራቸው ትንንሽ ካሬዎች ጎልተው ይወጣሉ፣ በተለይ ሰማይና ነጭ ግድግዳ ላይ። ስትጨርሱ እንደ ጄፔግ ጥራት በማይቀንሱት በፒኤንጂ ወይም በቲፍ አስቀምጡ።

ሌላው የቅርጽ ነገር ነው። የድሮ ካሜራዎች አብዛኞቹ 4 በ3 ናቸው፣ 10 በ15፣ 20 በ30 እና 40 በ60 ግን 3 በ2 ናቸው። ስለዚህ ከ1200ው ቁመት 133 ፒክስል ይቆረጣል። የማን ቆብ ወይም የማን እግር እንደሚቆረጥ ራሳችሁ ወስኑ፣ ለማሽኑ አትተዉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ቁራጩን አሳትሙ

ስሌቱ ለ1600 ፒክስል 40 ሴንቲሜትር ይስጥ እንጂ፣ እስከ 40 በ60 መድፈር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ በቁራጭ ሞክሩት። አንድ 40 በ60 ፎቶ ውስጥ ልክ 16 ባለ 10 በ15 ቁራጮች አሉ። ስለዚህ ገና ካልተለቀው ባለ 1600 ፎቶ ላይ ፊቱ ያለበትን 400 በ267 ፒክስል ቁረጡ፤ እጥፍ ካደረጋችሁት ደግሞ 800 በ533። ያንን ቁራጭ በ10 በ15 ወረቀት አሳትሙት። ዋጋው የአንድ ተራ ፎቶ ነው፤ የምታዩት ግን ትልቁ ሲታተም ፊቱ በትክክል የሚኖረውን መልክ ነው። ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፉትና አንድ ሜትር ራቁ። ካላስደሰታችሁ ወደ 30 በ45 ወይም ወደ 20 በ30 ውረዱና በዚያው መንገድ ሞክሩ። ስክሪን ላይ አጉልቶ ማየት ይህን አይተካም።

ወረቀቱ ማት ይሁን። የሚያብለጨልጨው ጉድለቱን ሁሉ ያሳያል። ካንቫስ ደግሞ የራሱ ሸካራነት ስላለው ብዥታውን ይደብቃል፤ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ለሚሆን ነገር እኔ እሱን እመርጣለሁ። ፎቶ ቤቱን ራስ ሰር ማስተካከያውን እንዲያጠፋ ንገሩት።

ሙከራው ከ27 ሴንቲሜትር በላይ አይሆንም ካላችሁ፣ ፎቶውን 20 በ27 አድርጉትና 40 በ50 ፍሬም ውስጥ በሰፊ ነጭ ካርቶን ከቡት። ፍሬሙ ግድግዳውን ይሞላል፣ ፎቶው ደግሞ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ከሶፋው በላይ ስቀሉት፤ ሶፋው ራሱ ሰዉን አንድ ሜትር ያህል ያርቀዋል።