የምድር ውሃ ልክ፦ ጂኦይድን ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ቤት ሲሠራ ቆም ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ ግንበኞች በቀጭን ቱቦ ውሃ ሞልተው ልክ ሲያወጡ አይታችኋል። አንዱ የቱቦውን ጫፍ ከታች ይይዛል፤ ሌላው ከላይኛው ጥግ። «ረጋ?» «ቆይ... አሁን ረጋ!» ከዚያ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። መሬቱ ዳገት ቢሆንም ሁለቱ ምልክቶች እኩል ናቸው።

ጂኦይድ ማለት የምድር ውሃ ልክ ነው። ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ በመሬት ውስጥ ቀጭን ቦይ ብንቆፍር፣ የባህሩ ውሃ ገብቶ የሚረጋበት ደረጃ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያንን ውሃ ለመቅዳት ከ1,800 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ያስፈልገናል። ውሃው የት እንደሚረጋ የሚወስነው ስበት ነው፤ ቦዩ ስለማይቆፈር ስበትን እንለካለን። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1849 ከስበት ልኬት ወደ ጂኦይድ የሚያደርሰውን ቀመር ሰጠን። ቀመሩ አልተቸገረም፤ የምንቸገረው እኛ ነን፣ በአጠቃቀማችን።

የጂፒኤስን ቁጥር እንዳለ መውሰድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጂፒኤስ ከፍታን የሚለካው ከኤሊፕሶይድ ነው፤ ማለትም ለስሌት ተብሎ ከተበጀ ለስላሳ ቅርጽ። ይህ ቅርጽ ውሃ ወዴት እንደሚፈስ አያውቅም። ከባህር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ለማግኘት ከጂፒኤሱ ቁጥር ላይ የጂኦይዱን ከፍታ መቀነስ አለብን።

እዚህ ላይ ምልክቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ጂኦይዱ ከኤሊፕሶይዱ በታች ሲሆን ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው። ከስሪላንካ በስተደቡብ ወደ 106 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ኒው ጊኒ አካባቢ ደግሞ ወደ 85 ሜትር ከፍ ይላል። ኔጌቲቭ ሲቀነስ መደመር ነው። ምልክቱን ከገለበጣችሁ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩ 10 ሜትር ከሆነ 20 ሜትር ትስታላችሁ።

ሌላም አለ። ብዙ የእጅ ጂፒኤሶችና ስልኮች ይህንን ቅነሳ ራሳቸው ሠርተው ነው ቁጥሩን የሚያሳዩት። አንድ የውሃ መስመር ሥራ ላይ ይሄ ደርሶብናል። ግማሹ ነጥብ ከኤሊፕሶይድ፣ ግማሹ ከባህር ጠለል ተለክቶ ነበር። ሁለቱ ሰንጠረዦች ሲገጣጠሙ መስመሩ መሃል ላይ የሌለ ደረጃ ወጣ። እንደገና ሄደን ለካን። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ከፍታ ጎን «ከምን የተለካ» የሚል ዓምድ ሳይኖር ሰንጠረዥ አልቀበልም።

«ጂኦይድ ላይ ስበት እኩል ነው» ማለት

አይደለም። በባህር ጠለል ደረጃ ስበት በምድር ወገብ 9.78፣ በዋልታዎች 9.83 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው። ውሃው ግን በሁለቱም ቦታ ረግቶ ይኖራል። ጂኦይድ ላይ እኩል የሆነው የስበቱ አቅም (ፖቴንሻል)፣ ማለትም አንድን ነገር እዚያ ደረጃ ለማድረስ የሚጠይቀው ሥራ ነው፤ የመሳቡ ጥንካሬ አይደለም።

መነሻ ነጥብ ላይ ሳይመለሱ ቀኑን መጨረስ

የስበት መለኪያው ልቡ ስስ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው። በመኪና ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ሲወርድና ሲወጣ ይንገጫገጫል፤ ንባቡም ቀስ እያለ ይሸሻል። ጠዋት ኮምቦልቻ ከጀመራችሁ ማታ እዚያው ነጥብ ላይ መልሳችሁ ለኩ፤ ቢቻል መሃል ላይም አንዴ። የጨረቃና የፀሐይን ጉተታም አትርሱ። እስከ 0.3 ሚሊጋል (ሚሊጋል ትንሽ የስበት መለኪያ አሃድ ነው) ድረስ ንባቡን ያወዛውዛል። ይህ ከፍታን አንድ ሜትር የመሳት ያህል ነው።

የጦሳን ተራራ መርሳት

ይሄን ስህተት በሜዳ አገር የሚሠራ ሰው ብዙም ላይሰማው ይችላል። እኛ ግን አንችልም።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 600 ሜትር ገደማ እንወጣለን። ከፍታው ብቻ ስበትን በ185 ሚሊጋል ይቀንሳል። ከእግራችን በታች የገባው ዐለት ወደ 67 የሚሆነውን ይመልሳል፤ ስለዚህ በግምት የ118 ሚሊጋል ልዩነት እንጠብቃለን። ይህ ስሌት ግን ዐለቱን እንደ እንጀራ ምጣድ ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያየው። ደሴ ጠፍጣፋ ናት እንዴ?

መሣሪያውን ጦሳ ሥር አስቀምጡት። ተራራው ከመሣሪያው በላይ ስለሆነ ወደ ላይ ይስባል፤ ንባቡ ይቀንሳል። አሁን ወደ ቦርከና ወንዝ ቁልቁለት ዙሩ። ስሌቱ እዚያ ዐለት አለ ብሎ ነበር፤ ያለው አየር ነው። ንባቡ አሁንም ይቀንሳል። ብዙ ተማሪ «ተራራውና ሸለቆው ይጠፋፋሉ» ይላል። አይጠፋፉም፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያሳስቱት። እርማቱ በሁለቱም በኩል ይደመራል።

ተራራ ቱምቢንም ወደ ራሱ ይጎትታል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ፒየር ቡጌ እ.ኤ.አ. በ1738 ኢኳዶር ውስጥ ቺምቦራዞ ተራራ ላይ ይህን ለመለካት ሞክሯል። ግንበኛው ቱምቢ ሲጥል ልዩነቱ አይታየውም። ጂኦይድ የሚሠራ ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል።

በሰፈር ልኬት ብቻ፣ ወይም በሞዴል ብቻ መተማመን

የስቶክስ ቀመር የመላውን ምድር ስበት ይጠይቃል። የወሎ ልኬት ብቻውን አይበቃውም። በሌላ በኩል ኢጂኤም 2008 የተባለው ዓለም አቀፍ ሞዴል ዝርዝሩ እስከ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በቀጥታ መስመር የሚራራቁት 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የጦሳን ገደልና የቦርከናን ሸለቆ ለይቶ እንዲያይላችሁ አትጠብቁ። ሰፊውን ከሳተላይት፣ ደቃቁን ከመሬት ልኬትና ከመልክዓ ምድር ካርታ ወስዳችሁ አዋህዱ።

ከጂኦይድ ካርታ ላይ ጉድጓድ ቦታ መምረጥ

«ካርታው ዝቅ ያለበት ቦታ ውሃ አለ?» ተብዬ ተጠይቄ አውቃለሁ። ጂኦይድ ከሁሉ በላይ የሚያጎላው ሰፊና ጥልቅ ነገርን ነው፤ ለምሳሌ ከምድር ቅርፊት በታች ያለውን የሙቀትና የክብደት ልዩነት። የሰፈር ጉድጓድ ለእሱ ከቁጥር አይገባም። ለዚያ የሚሻለው በከፍታና በመልክዓ ምድር የታረመ የስበት ካርታ ነው። እሱም ቢሆን ብቻውን አይፈርድም። ቅርብ ያለ ትንሽ ነገርና ሩቅ ያለ ትልቅ ነገር አንድ ዓይነት ንባብ ሊሰጡ ይችላሉ። የመሬቱን የኤሌክትሪክ ልኬት ጨምሩ፤ በአካባቢው ቀድሞ የተቆፈረ ጉድጓድ ካለም ምን ዓይነት አፈርና ዐለት እንደወጣው ጠይቁ።