አዲስ አበባን ለእንግዳ ሲያሳዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያክስቴ ልጅ ከሲያትል ስትመጣ ስልኳ ላይ የአምስት ቀን ፕሮግራም ይዛ ነበር። ባሏ ፈረንጅ ነው፤ ኢትዮጵያን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እሷም ከአገር የወጣችው በልጅነቷ ነው። ረቡዕ ምሳ ክትፎ ይላል ፕሮግራሙ። ማታ በ8 ሰዓት የባህል ጭፈራ። እሑድ መርካቶ። ሦስቱም አልሆኑም።

ክትፎ ቤቱ «ዛሬ የጾም ብቻ ነው» አለን። ለጭፈራው የቀጠረችው ባለታክሲ በጠራራ ፀሐይ ከቀኑ 8 ሰዓት መጥቶ ሆቴሉ በር ላይ ክላክሱን ያንጫርራል። እሑድ መርካቶ ስንደርስ ደግሞ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፤ ቆርቆሮ በር ስናይ አረፈድን። ከዚያ ወዲህ ዘመድ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ሆኜ ቀረሁ። የሚገርመው ስህተቶቹ ከእንግዳ እንግዳ ብዙም አይለያዩም።

ካላንደር ሳያዩ ሥጋ መመኘት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የት እንብላ ከማለት በፊት ቀኑ ምንድን ነው ማለት ይቀድማል።

ከውጭ የሚመጣ ሰው ፈቃድ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ኦገስት ላይ ወይም ዲሴምበር ላይ ነው። ሁለቱም ጾም ላይ ይወድቃሉ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። የገና ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 15 ወይም 16 ላይ ስለሚውል ጾሙ ሳይፈታ ነው። እርግጥ የገናን ጾም የማይጾም ብዙ ሰው አለ፤ ከረቡዕና ከአርብ ውጭ ሥጋ ያን ያህል አይቸግርም። ፍልሰታን ግን ሕፃናትም ይጾሙታል። ሁዳዴማ 55 ቀን ነው። ያኔ ብዙ ሉካንዳ ጨርሶ ይዘጋል።

በተቃራኒው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕም አርብም አይጾምም። ሥጋ ወዳድ እንግዳ ካላችሁ በዚህ ወቅት ይምጣ በሉት።

ጾም ላይ መጡ ማለት ግን ተራቡ ማለት አይደለም። እንዲያውም በያይነቱን በጾም ቀን የሚያህለው የለም። ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ሁሉም ትኩስ ነው፤ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶልያው፣ ሱፍ ፍትፍቱ። ሁዳዴ ከሆነ ስልጆም ሊገኝ ይችላል። ሥጋም ወተትም የማይነካ እንግዳ ያለው ሰው ረቡዕና አርብን እንደ ድግስ ቀን ይቁጠራቸው። በፍስክ ቀን ግን ሽሮ ሲያዝ «ቅቤ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኛ ፈረንጅ ያን ረቡዕ ክትፎውን አጥቶ ሱፍ ፍትፍት ሁለቴ አስጨመረ።

ሌላም አለ። ቡድናችሁ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ ሥጋ ቤት አትቅጠሩ። ሁለቱም ሥጋ የሚበሉት ከየራሳቸው ነው፤ አንዱ ሲበላ ሌላው ለስላሳ ይዞ ይቀመጣል። የጾም ምግብ ሁሉንም አንድ ትሪ ላይ ያገናኛል። ረመዳን ላይ ከሆነ ደግሞ ማምሻውን አንዋር መስጊድ አካባቢ ለአፍጥር የሚጠበሰው ሳምቡሳ እንዳያመልጣችሁ።

እንግዳን በጥሬ ሥጋ መፈተን

ይቺ የኛ የአስተናጋጆች በሽታ ናት። «ይሞክር እንጂ!» እንልና ቁርጡን ከነአዋዜው እናቀርባለን። ላልለመደ ሰው ጥሬ ሥጋ ቀልድ አይደለም። አያቶቻችን ኮሶ የጠጡት ወደው አልነበረም። ክትፎ «በደንብ ይብሰል» ተብሎ ሲታዘዝ አስተናጋጁ ፊቱን ሊያኮሳትር ይችላል። ያኮሳትር። ሚጥሚጣው፣ ቅቤው፣ አይቡና ቆጮው እንደሆነ የትም አይሄድ።

ሰዓትን አለማስረዳት

የፈረንጅ ነው የሐበሻ? ይቺን ጥያቄ ለማንኛውም ቀጠሮ ጠይቁ። ባለታክሲያችን አልተሳሳተም፤ በ8 ሰዓት ተባለ፣ በ8 ሰዓት መጣ። የእሷ ማታ 8 ሰዓት ለሱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

በአንድ ቀን አምስት ሙዚየም

ከተማዋ ሰፊ ናት፤ መንገዱ ደግሞ ይዘጋጋል። ጠዋት ቦሌ፣ ቀትር ላይ እንጦጦ፣ ከሰዓት መርካቶ ብሎ ያቀደ ሰው ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። በሰፈር ማቀድ ይሻላል።

እኔ ሁሌ የምጀምረው ከአምስት ኪሎ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ነው። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ምድር ቤቱ ውስጥ አለች። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጽም ተጠብቆ ተቀምጧል። ይህን ቀድማችሁ ንገሩ፤ አለበለዚያ እንግዳው እንደተሸወደ ይሰማዋል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የምትለዋ ቁጥር ለማንኛውም ታፈዛለች።

ከዚያ በእግር ወደ ስድስት ኪሎ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ለኔ ከከተማው አንደኛ ነው። ቤቱ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይታያል። ደጅ ላይ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ እያንዳንዷ እርከን ለአንድ የፋሺስት ዘመን ዓመት ናት። እነሱ ሲባረሩ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። እንግዶቼ ፎቶ የሚያነሱት ታሪኩን ከሰሙ በኋላ ነው፤ ሳይሰሙ ግን አልፈውት ይሄዳሉ። ከግቢው ስትወጡ አደባባዩ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፤ በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ያስፈጃቸው ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። ለአንድ ቀን ይሄ ይበቃል።

መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለብቻው ያዙት። የሟቾቹ ፎቶና አጽም አለበት። ከዚያ ወጥቶ ጥብስ ማዘዝ ይከብዳል፤ እኔ አድርጌው አውቃለሁ፣ ማንም አልበላም።

ሙዚየም የምትሄዱት አርብ ከሆነ ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምሳ ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑን አትርሱ።

በድሮ ትዝታ መምራት

«ፒያሳ እኮ አውቃታለሁ» የሚል ዘመድ ያስፈራኛል። የሚያውቃት ፒያሳ ብዙዋ ፈርሷል። ካዛንቺስም እንዲሁ፤ አዝማሪ ቤት ፍለጋ በድሮ አድራሻ የሄደ ሰው ባዶ ቦታ ወይም ሰፊ አስፋልት ይጠብቀዋል። አዲስም የተሠራ አለ። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተከፍቷል፤ አንድነት ፓርክ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ለጎብኚ ከፍቷል። ከመውጣታችሁ በፊት ቤቱ መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ። የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ቀን እንጦጦ፣ ማታውን ጠጅ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ያልፋል። ትናንት ማታ ከአውሮፕላን የወረደን ሰው እዚያ አውጥቶ፣ ማታ በብርሌ ጠጅ መጋበዝ ጭካኔ ነው። ጠጅ ሲጠጡት ማር ማር ይላል፤ ሊነሡ ሲሉ ጉልበት ይከዳል። ሦስተኛው ቀን ይሁን። ክረምት ከሆነም ጠዋት ውጡ፣ ከሰዓት ዝናብ አለ።

ጭፈራውን አይቶ ባህሉን አየሁ ማለት

የባህል ምግብ ቤት አንድ ማታ ይበቃል። እስክስታው፣ የጉራጌው፣ የወላይታው ጭፈራ ያምራል። ግን ድምፁ ከፍ ስለሚል ወሬ የለም።

አዝማሪ ቤት ከገባችሁ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ግጥም ይሰጣል። «ተቀበል!» ብላችሁ ስንኙን ስትነግሩት በመሰንቆው ያወርደዋል። ሽልማት የሚሆን ድፍን ብር ያዙ። ለማይሰማው እንግዳ ደግሞ ጆሮው ሥር አስተርጉሙለት፤ አዝማሪው በሱ ላይ ሲቀልድ ቤቱ ሲስቅ ለብቻው ግራ እንዳይገባው።

ቡናም እንደዚሁ ነው። ፒያሳ ቶሞካ ገብቶ ቆሞ አንድ ስኒ መጠጣት ደስ ይላል። ያ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ቤት ቡና ሲፈላ አቦሏን ቀምሶ «ቀጠሮ አለብን» ብሎ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናና በረካ አሉ። ከቆላው ጀምሮ አንድ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ፕሮግራሙ ላይ ከቡና በኋላ ምንም አትጻፉ።

ሆድ ሞልቶ ዘመድ ጋ መሄድ

ይሄን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለሚያሳፍረኝ ነው። ጉለሌ ትልቋ አክስታችን አሉ። «ለሰላምታ ብቻ ነው የምንመጣው» አልናቸውና ምሳ በልተን ሄድን። ለካ እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ውለዋል። ዶሮዋ በ12 ብልት ወጥታ፣ እንቁላሉ ተደርድሮ ይጠብቀናል። እንዲህ ያለ ዶሮ ወጥ በገንዘብ አይገኝም፤ እኛ ደግሞ ምግብ ቤት ከፍለን ጠግበን መጣን።

«ምን በደልኳችሁ?» አሉ። ከዚያ ወደ ባልየው ዞረው ጉርሻ ጀመሩ። «በሞቴ! በሞቴ!» እያሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለት፣ ሁለት ያንሳል ተብሎ ሦስት። «በቃኝ» የምትለውን ቃል ያስተማርነው ያን ቀን ነው። በደንብ አድርጎ ጮክ ብሎ አላት። አክስታችን «አማርኛውስ እንዴት ያምርበታል!» ብለው አራተኛውን ጠቀለሉ።